የፖል ዳንስ ጥያቄ፦ ታይቱ፣ ወንድምሽና እምቢ ያለሽ መገልበጥ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ፖል ዳንስ መማር ከጀመርኩ አምስት ወር ሆነኝ። በሳምንት አንድ ቀን ከአሰልጣኝ ጋር እሠራለሁ፤ የቀረውን ቤቴ ባቆምኩት ፖል ብቻዬን ነኝ። ሰውነቴን ማጋለጥ ስለማልወድ እስከ ቁርጭምጭሚት የሚደርስ ታይት ነው የምለብሰው፤ ግን ፖሉን በጭኔ ይዤ አየር ላይ መቀመጥ ስሞክር እንሸራተታለሁ። ጭንቅላቴን ቁልቁል፣ እግሬን ሽቅብ አድርጌ መገልበጥም ካልዘለልኩ አይሆንልኝም። ይባስ ብሎ ታላቅ ወንድሜ ‹ይሄ የራቁት ጭፈራ ቤት ነገር ነው፤ ስፖርትም ጥበብም አይባልም› ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስለት? እኔስ ምኑ ላይ ነው የምሳሳተው?»

እህቴ፣ ሦስት ጥያቄ አድርገሽ ጻፍሻቸው እንጂ እኔ ሳነባቸው አንዱ ከሌላው የሚመዘዝ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ሳሠለጥን ብዙ ጊዜ የሚያጋጥመኝ ነው። «ሰው ምን ይለኛል» የሚለው ስጋት መጀመሪያ ልብስ ላይ ይታያል፤ ቀጥሎ አያያዝ ላይ፤ ሲቆይ ደግሞ ትከሻ ላይ ሕመም ሆኖ ብቅ ይላል። ስለዚህ ቴክኒኩን ለብቻ፣ ይሉኝታውን ለብቻ አድርጌ ልመልስልሽ አልችልም።

ከታይቱ ልጀምር። ፖሉ የተወለወለ ብረት ነው። አየር ላይ የሚይዝሽ ደግሞ ጡንቻሽ ብቻ ሳይሆን ቆዳሽ ከብረቱ ጋር የሚፈጥረው ሰበቃ ነው። የጭን ውስጠኛው ክፍል፣ የጉልበት እጥፋት፣ የክርን እጥፋት፣ ብብት፣ የወገብ ጎን፤ በፖል ዳንስ ያለው አቋም ሁሉ ማለት ይቻላል ከእነዚህ በሁለቱ ወይም በሦስቱ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ልሙጥ ጨርቅ መሀል ሲገባ ሰበቃው ይጠፋል። የፖል ዳንሰኞች አጭር ቁምጣ የመጣው ገላ ለማሳየት ተብሎ ነው የሚለው ሐሜት ከፊሉን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ሥራው ራሱ ነው ቆዳ የሚጠይቀው።

መቀመጡን ቀረብ ብለን እንየው። ፖሉ የሚያዘው በጉልበት አካባቢ ሳይሆን ከፍ ብሎ ወደ ብሽሽት በሚጠጋው ለስላሳ ቆዳ ነው። እግሮችሽን ታጣምሪያለሽ፤ ሁለቱ ጭኖች ፖሉን መሀል አስገብተው እርስ በርስ ይገፋፋሉ። ከዚያ ዳሌሽን ትንሽ ወደ ጎን አድርገሽ ክብደትሽን ጭኑ ላይ ታሳርፊያለሽ። ቆዳው በብረቱ ላይ ተቆንጥጦ ሲያዝ ይሰማሻል። ያ ቁንጥጫ ነው መቀመጫሽ። ጀማሪ ቁንጥጫው ሲሰማው ደንግጦ ጭኑን ያላላል፤ ሲያላላ ይንሸራተታል፤ ሲንሸራተት ቆዳው የበለጠ ይጋጋጣል። ታይት ለባሽ ደግሞ ቁንጥጫውን ከነጭራሹ አታገኘውም። ስለዚህ በእጇ ለመንጠልጠል ትገደዳለች። አምስት ወር ሙሉ እግርሽ ሊሠራው የሚገባውን እጅሽ ሲሠራልሽ ከርሟል ማለት ነው። ይህን ነጥብ ያዢው፤ ስለ መገልበጡ ስንነጋገር እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ሰሞን ጭንሽ ውስጥ፣ ቅልጥምሽና የእግርሽ የላይኛው ገጽ ላይ ይበልዛል። ይህ የተለመደ ነው፤ ቆዳውና ከሥሩ ያለው ሥጋ እየለመደ ሲሄድ ይቀንሳል። መለማመጃው በየቀኑ ሳይሆን ቀን እያሳለፈ ይሁን። ያለ ምክንያት የሚበልዝ ሰውነት ያለው ሰው፣ ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ከሐኪሙ ጋር ሳይነጋገር አይጀምር።

«አይሆንም፣ ገላዬን ሸፍኜ ነው መሥራት የምፈልገው» ካልሽ ደግሞ መብትሽ ነው፤ ማንም «እንግዲያው ተይው» ሊልሽ አይገባም። መንገዱ አለ። በሲሊኮን (ጎማ መሰል ነገር) የተለበጠ ፖል ጨርቅን ይይዛል። በሰርከስ የሚታወቀው የቻይና ፖል ላይ የሚሠሩ አክሮባቶችም ሱሪና እጅጌ ያለው ልብስ ለብሰው ነው የሚወጡት፤ ፖሉ ጎማ ስለለበሰ ባዶ ቆዳ ቢነካው ይልጠዋል። የሲሊኮኑ ጉዳት ምንድን ነው? እጅሽ በላዩ ላይ አይሽከረከርም፤ መንሸራተትም አይፈቅድም። ስለዚህ መሽከርከር ከፈለግሽ ፖሉ ራሱ የሚዞር ዓይነት መሆን አለበት። ጭን አካባቢ የሚይዝ ጎማ ነገር የታተመባቸው ታይቶችም ይሸጣሉ። ያለሽን የብረት ፖልና ያለሽን ታይት ይዘሽ መቀጠል ከፈለግሽ ግን በእጅ የሚያዙ ሽክርክሪቶችንና ወለል ላይ የሚሠራውን ክፍል ሥሪ፤ መቀመጥና መውጣት ውስጥ አትግቢ። መሀል ቤት ሆኖ ቁምጣ ከጉልበት በላይ ሁለት ጣት አሳጥሮ መሞከር ምንም አይፈይድም፤ ቁልፉ ያለው ላይኛው ጭን ላይ ነውና።

አሁን ወደ ወንድምሽ። የተናገረው ግማሹ እውነት ነው፤ እውነት መሆኑንም አትካጂ።

ብዙ የሙያ አጋሮቼ እዚህ ጋ ሲደርሱ ወደ ሕንድ ይሮጣሉ። ሕንድ ውስጥ ማላካምብ የሚባል በእንጨት ምሰሶ ላይ የሚሠራ የቆየ ስፖርት አለ። በ12ኛው ክፍለ ዘመን ጽሑፍ ውስጥ ተጠቅሷል፤ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንደገና አንሰራራ፤ የሕንዷ ግዛት ማድያ ፕራዴሽም እ.ኤ.አ. በ2013 የግዛቱ ስፖርት አድርጋዋለች። ትግል የሚገጥሙ ሰዎች ሰውነታቸውን ያጠነክሩበት ነበር። ምሰሶው ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል፤ የጉሎ ዘይትም ይቀባል። ድንቅ ነገር ነው፤ ሲሠራ ያየ ሰው አፉን ይዞ ነው የሚቀረው። ነገር ግን ዛሬ በየስቱዲዮው የምንማረው የፖል ዳንስ የማላካምብ ልጅ ነው ማለት የዘር ሐረግ መበደር ነው። የኛ ፖል በቀጥታ የመጣው በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሰሜን አሜሪካ ውስጥ ከነበሩት የራቁት ዳንስ ክለቦች ነው። ሽክርክሪቱን፣ አወጣጡን፣ አገለባበጡን እዚያ ይሠሩ የነበሩ ሴቶች እርስ በርስ እየተያዩ አበለጸጉት። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ጀምሮ አንዳንዶቹ ከክለብ ውጪ ላሉ ሴቶች ማስተማር ጀመሩ፤ ትምህርቱም በዚያ መንገድ ተስፋፋ።

እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ለመዝናናትና ለስፖርት የሚማሩ ሴቶች ፎቷቸው ሥር «እኔ የራቁት ዳንሰኛ አይደለሁም» የሚል ሃሽታግ መለጠፍ ጀምረው ነበር። የክለብ ዳንሰኞቹ ተቆጡ፤ ቁጣቸው ተገቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። የሰውን እጅ ሥራ ተምሮ ሠሪዋን ማነወር ምን የሚሉት ጨዋነት ነው? አንቺም ለወንድምሽ ስትመልሺ በዚያ በኩል አትሂጂ።

«ስፖርት አይደለም» ላለው መልሱ ቀላል ነው፤ ስፖርትነት በሕግና በዳኛ የሚለካ ነገር ነውና። ዓለም አቀፉ የፖል ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2009 ተቋቁሞ በ2012 የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮና ለንደን ላይ አካሂዷል። በ2017 በወቅቱ ከነበረው ዓለም አቀፍ የስፖርት ፌዴሬሽኖች ጥምረት የታዛቢነት እውቅና አግኝቷል። ይህ ኦሊምፒክ ገባ ማለት አይደለም፤ እንዲያ ብለው የሚያወሩትን አትስሚ። ውድድሩ ግን ቀልድ የለበትም። መድረኩ ላይ ሁለት ፖል ይቆማል፤ አንዱ የማይንቀሳቀስ፣ ሌላው የሚሽከረከር፣ ሁለቱም 45 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው። ተወዳዳሪዋ አስቀድማ የመረጠቻቸውን አቋሞች ታስመዘግባለች። አቋሙን ቢያንስ 2 ሰከንድ ካልያዘችው አይቆጠርላትም፤ እግር ሲዘረጋ ማዕዘኑ 180 ዲግሪ ይሁን 160 ዳኛው ያያል። ወሲባዊ አቀራረብ በዚያ ዘርፍ አይፈቀድም። ታሪክ ወይም ስሜት ለማሳየት የሚፈልጉ ደግሞ የሚወዳደሩበት ለብቻው የተለየ የጥበብ ዘርፍ አለ።

ጥበብነቱ ላይ ግን ፍርድ ቤቶች እንኳ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ2006 የኖርዌይ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ልብስ እያወለቁ መደነስ የመድረክ ጥበብ ነው ብሎ ከተጨማሪ እሴት ታክስ ነፃ አደረገው። በ2012 የኒውዮርክ ግዛት የመጨረሻው ፍርድ ቤት ደግሞ አንድ ክለብ ባቀረበው ተመሳሳይ የግብር ክርክር 4 ለ 3 በሆነ ድምፅ ተቃራኒውን ወሰነ። ክለቡ፣ ፖል ላይ የሚቀርበው ዳንስም እንደ ሌላው የዳንስ ትርኢት ከሽያጭ ግብር ነፃ ይሁንልኝ ብሎ ነበር። ከተሸነፉት ሦስት ዳኞች ወገን የተጻፈው ሐሳብ ይማርከኛል፤ ጭብጡ፣ ሕጉ ዳንስ ካለ ዳንሱ ያማረ ይሁን ያስጠላ መምረጥ የግብር ሰብሳቢ ሥራ አይደለም የሚል ነው። (ጥበብ የሚባለው ነገር ምን እንደሆነ የሚከራከሩት አብዛኛውን ጊዜ ሂሳብ የሚተሳሰቡ ሰዎች ናቸው፤ ይህ የፖል ብቻ ዕጣ አይደለም።)

እኔን ከጠየቅሽኝ፣ አንድ እንቅስቃሴ ጥበብ የሚሆነው ሁለት አቋሞችን በሚያገናኘው መሸጋገሪያ ላይ ነው። ከባድ አቋም ይዞ ፎቶ መነሳት ጉልበት ነው። ከዚያ አቋም ወጥቶ ወደሚቀጥለው ሲገባ እጅ መቼ እንደሚለቅ፣ ዓይን ወዴት እንደሚያይ፣ ሙዚቃው ሲዘገይ ሰውነት ዘግይቶ ይጠብቅ እንደሆነ፤ እዚያ ላይ ነው ዳንሰኛ የምትለየው። በሚሽከረከር ፖል ላይ ይህን በግልጽ ታዪዋለሽ። እጅና እግርሽን ወደ ፖሉ ስትሰበስቢ ፍጥነትሽ ይጨምራል፤ ስትዘረጊ ይቀንሳል። ጀማሪ ፍጥነቱ ሲያስፈራት ፖሉን ታቅፋለች፤ ስታቅፍ ይባስ ይፈጥናል። የበሰለች ዳንሰኛ ግን ይህንኑ ሕግ ከሙዚቃው ጋር ታስማማዋለች፦ ዜማው ከፍ ሲል ትሰበሰባለች፣ ሲረግብ አንድ እግሯን ብቻ ቀስ አድርጋ ትዘረጋለች።

ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አድርገው የሚደንሱትንም «ያኛው ወገን» አድርጎ መናቅ ልማድ ሆኗል። ጫማው ግን የራሱ ቴክኒክ አለው፤ ክብደቱ የእግርን ውዝዋዜ ይለውጣል፣ ቁርጭምጭሚትን ይፈትናል። ብትፈልጊ ተማሪው፤ ባትፈልጊ ተይው።

ለወንድምሽ እንግዲህ «እስቲ አንተ ራስህ ሞክረው» የሚለውን የተለመደ መልስ አልመክርሽም። ከባድ መሆኑ ስፖርት ወይም ጥበብ መሆኑን አያረጋግጥም፤ ጆንያ ተሸክሞ ደረጃ መውጣትም ከባድ ነው። «አዎ፣ የመጣው ከዚያ ነው፤ እኔ የምሠራው ደግሞ ይህን ነው» ብለሽ የምትሠሪውን ብታሳዪው ይበቃል። ከዚያ በኋላ ባይዋጥለት የሱ ጉዳይ ነው።

ይህን ሁሉ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። «ስፖርት ነው» ብላ ልታሳምን የተነሳች ተማሪ የምትቸኩለው ወደ ከባዱ ነገር ነው፤ ወደ መገልበጥ። ቪዲዮ ላይ የሚያስደንቀው እሱ ነዋ። አምስት ወር ሙሉ በወጉ ሳትቀመጪ ለመገልበጥ መሞከርሽ ከዚህ የመጣ ይመስለኛል።

እየዘለልሽ ስትገለበጪ ምን እንደሚፈጠር ልንገርሽ። እግርሽ ወለሉን ሲገፋ ዳሌሽ በግፊቱ ወደ ላይ ይወረወራል። እጆችሽ ግን ገና አልተዘጋጁም፤ ክርንሽ ይዘረጋል፣ ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ ይወጣል፣ ግፊቱ ሲያልቅ የሰውነትሽ ክብደት በሙሉ በአንድ ጊዜ ትከሻው መጋጠሚያ ላይ ያርፋል። በዚያ ሰዓት የሚይዝሽ ጡንቻ ሳይሆን ጅማት ነው። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን ይችላል። ከዚያ ትከሻ ፊት ለፊት ላይ ስውር ሕመም ይጀምርና ማበጠሪያ ለማንሳት የምትቸገሪበት ቀን ይመጣል።

መገልበጥ እምቢ ያላቸው ሁሉ «ሆዴ ደካማ ነው» ይሉኛል። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው ትከሻቸውን ነው። ፖሉን በጎንሽ አድርገሽ ቁሚ፣ ብብትሽ ሥር ተጠግቶ የጎድን አጥንትሽን ይንካ። ሁለቱም እጆችሽ ከደረት እስከ አገጭ ባለው ከፍታ ላይ ተቀራርበው ፖሉን ይያዙ። ከመነሳትሽ በፊት ፖሉን ወደ ታች ጎትቶ ለመትከል የምትሞክሪ ይመስል ክርኖችሽን ወደ ጎንሽ ሳቢ፤ አንገትሽ ሲረዝም ይሰማሻል። ይህ ሳይጠፋ ሁለቱንም እግር ከወለሉ አንሺ፤ ሳትዘልዪ፣ ጉልበትሽን ወደ ደረትሽ አድርገሽ። እዚያ ላይ ቁሚ። ገና አትገልበጪ። ተንጠልጥለሽ ትንፋሽሽን ሳትይዢ ጥቂት ሰከንድ መቆየት ካልቻልሽ፣ ወይም ትከሻሽ ወደ ጆሮሽ መውጣት ከጀመረ፣ ውረጂና አርፈሽ ድገሚው። ለጊዜው ትምህርትሽ ይኸው ነው።

ይህን በሁለቱም ጎን ስትችዪ መገልበጡ ራሱ ብዙም አያስቸግርም። ጭንቅላትሽና ደረትሽ ወደ ኋላ ሲሄዱ ዳሌሽ ወደ ላይና ወደ ፖሉ ይመጣል። ብዙዎች ጭንቅላታቸውን ወደ ኋላ መስጠት ስለሚፈሩ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው በሆዳቸው ብቻ እግራቸውን ለማንሳት ይታገላሉ። ሚዛን ነውና አንዱ ጫፍ ካልወረደ ሌላው አይነሳም። ዳሌሽ ፖሉን ሲያልፍ እግሮችሽ ይከፈታሉ፣ ፖሉ መሀላቸው ይሆናል፤ ከዚያ አንዱ የጉልበት እጥፋት ፖሉን ይቆልፋል። እዚህም ቆዳ ያስፈልጋል፤ በታይት የተሸፈነ የጉልበት እጥፋት በወለወልሽው ብረት ላይ ሲንሸራተት የምትወርጂው በጭንቅላትሽ ነው። ታይቱ ከመገልበጡ ጋር የሚገናኘው እዚህ ላይ ነው።

ለመለማመጃ ሁለት ነገር እመክርሻለሁ። አንዱ ወለል ላይ ነው፦ ከፖሉ አጠገብ በጀርባሽ ተኚ፣ ከጭንቅላትሽ በላይ ፖሉን ግርጌው ላይ ያዢ፣ ጉልበትሽን ሰብስበሽ ዳሌሽን ከወለሉ ቀስ ብለሽ አንሺ፤ ስትመልሺው ደግሞ ከዚያ ይበልጥ ቀስ ብለሽ። ሁለተኛው ከአሰልጣኝሽ ጋር ብቻ የሚሠራ ነው፦ እሷ ደግፋ ትገለብጥሻለች፣ አንቺ ብቻሽን ትወርጃለሽ፤ በዝግታ፣ ትከሻሽ ሳይላላ። ጡንቻ ወደ ላይ ከመውጣት ይልቅ በዝግታ ከመውረድ ቶሎ ይማራል።

ጅማት ከጡንቻ ዘግይቶ ነው የሚጠነክረው። ስለዚህ «ቻልኩ» ያልሽበት ሳምንት ራስሽን ጠብቂ፤ ጉዳት የሚበዛው ያኔ ነው። የክርንሽ ውስጠኛ ጎን ላይ ስትጨብጪ የሚሰማ ሕመም ካለ አያያዝሽ በዝቷል ማለት ነው፤ ቀንሺ። ጣቶችሽ ላይ የጎማ ላስቲክ አድርገሽ ወደ ውጪ መክፈት የምትዘነጊውን ተቃራኒ ጡንቻ ያሠራልሻል። ሕመሙ እረፍት ወስደሽም ካልለቀቀ፣ ወይም ጣትሽ ከደነዘዘ ሐኪም ይየው። ሌላም አለ፦ የላይኛው እጅ ተጠማዝዞ አውራ ጣቱ ወደ ታች የሚሆንበትን አያያዝ ቪዲዮ ላይ ታዪ ይሆናል። ቀላል ይመስላል፤ ትከሻን ወደ ውስጥ አዙሮ ነው ክብደት የሚያሸክመው። አሁን አትንኪው።

ስለ ቤትሽ ፖል ያልጠየቅሽኝን ልጨምር። በጣራና በወለል መካከል ተወጥሮ የሚቆም ዓይነት ከሆነ ከላይ የሚያርፍበት ቦታ እውነተኛ ጣራ ወይም ወራጅ መሆኑን አረጋግጪ፤ ኮርኒስ ከሆነ ዛሬውኑ አንሺው። ውጥረቱን ከእያንዳንዱ ልምምድ በፊት ፈትሺ፤ ቀስ በቀስ ይላላል። የሚሽከረከርና የሚቆለፍ ከሆነ መቆለፊያው መጥበቁን በእጅሽ አዙረሽ እይ፤ ተቆልፏል ብለሽ ተገልብጠሽ ሲዞርብሽ መያዣሽን ታጪዋለሽ። በምትለማመጂበት ቀን ቅባት አትቀቢ፣ ቀለበት አውልቂ፣ ፖሉን በአልኮል ጥረጊ። እጅሽ የሚያልበው ከሆነ እጅ የሚያደርቅ ፈሳሽ ቾክ ይረዳል። ከሥር ወፍራም ፍራሽ ይኑር፤ ግን ፍራሽ በጭንቅላት የሚወድቅን ሰው አንገት ሁልጊዜ አያድንም። ስለዚህ መቀመጥ፣ መውጣት፣ ተንጠልጥሎ መሰብሰብ ቤት ይሁን። መገልበጡ አሰልጣኝሽ አጠገብሽ እስካለች ድረስ ብቻ።

ብቻሽን ስትሠሪ ስልክሽን ከፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን አቁመሽ ቅረጪ። ከፊት የተቀረጸ ቪዲዮ የትከሻሽን መውጣት ያሳይሻል፤ ዳሌሽ ከፖሉ ሸሽቶ ወደ ኋላ መሄዱን ግን የምታዪው ከጎን ነው። አሰልጣኝሽም ማየት የምትፈልገው እሱን ነው።